ቡናችሁን መቼ ትጠጣላችሁ?

የንፋስ መውጫ ጧት ብርዱ ከባድ ነው። የከተማው ስም ራሱ ይናገራል። ጋቢ ደርበን እንኳ አይበቃንም። እንዲህ ባለው ጧት ከጎረቤት የተቆላ ቡና ሲሸት እግር ወደዚያው ይሄዳል። የእኔም እግር ሄደ።

የቤቱ ባለቤት ነፍሰ ጡር ናት። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ቁርሱ እንጀራ በሽሮ ነበር። እጃችንን ሳንታጠብ አቦሉ ተቀዳ። እሷም ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን አንድ ክኒን ፈታች። «የደም ማነስ ክኒን ነው፤ ጤና ኬላ ሰጥተውኝ» አለችና በቡናው ዋጠችው።

ያን ቀን ምንም አላልኩም። ነገሩን አላውቀውም ነበርና። ኋላ ግን ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። ያገኘሁትን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ቡና ምን እንደሚሠራ እንይ። በቡና ፍሬ ውስጥ ካፌይን የሚባል ነገር አለ። ሩንጌ የሚባል ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1819 ከፍሬው ለይቶ አወጣው። ሰውነታችን ሲሠራ ሲውል «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርስ ነገር ይጠራቀምበታል። ካፌይን ያ መልእክት የሚገባበትን በር ይዘጋል። ስለዚህ እንነቃለን። ድካሙ ግን አልጠፋም፤ ወሬው ነው ያልደረሰን።

በጾም ቀን ቡና ሳትጠጡ ስትውሉ ራሳችሁን ያማችኋል አይደል? ብዙ ሰው «ቡናዬ ቀርቶብኝ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። በየቀኑ ካፌይን የለመደ አካል ሲያጣው ከግማሽ ቀን በኋላ ራስ ምታት ይጀምራል። ጨርሶ የተወው ሰው ሁለትና ሦስት ቀን፣ አንዳንዱም ሳምንት ያህል ሊያመው ይችላል። ከዚያ ይለቀዋል። ቡና መቀነስ የምትፈልጉ ሰዎች በአንድ ቀን አትቁረጡት፤ በየጥቂት ቀኑ አንድ ስኒ እያጎደላችሁ ቀንሱ።

ቡና መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ይህን የሚል ሰው ቢመጣ እኔም አልሰማውም። በብዙ አገር በተደረገ ጥናት፣ በመጠን ቡና የሚጠጡ ሰዎች በስኳር በሽታና በጉበት በሽታ የመያዛቸው ነገር ከማይጠጡት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ደግሞም የጀበና ውሃ የፈላ ውሃ ነው። ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የቀዳነውን ሳናፈላ ከምንጠጣ ይሻላል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠያየቀውስ በምን ሆነና?

አሁን ወደ ክኒኑ እንመለስ። ደም ቀይ የሚሆነው በውስጡ ብረት ስላለ ነው። የማረሻውን ብረት ማለቴ አይደለም፤ በምግብ ውስጥ በጣም በትንሹ የሚገኘውን ነው። ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል። ሰውየው ይደክማል፣ ዐቀበት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያዞረዋል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ለራሷም ለልጁም ደም መሥራት አለባት። በወሊድ ጊዜ ደም ይፈሳል። አስቀድሞ ደም ያነሳት እናት ያን ጊዜ ሕይወቷ ለአደጋ ይጋለጣል። ጤና ኬላ ክኒኑን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ቡና ግን ብረትን ይይዘዋል። ይህን የሚያደርገው ካፌይኑ አይደለም፤ በቡና ውስጥ ያሉ ሌሎች ነገሮች ናቸው። ብረቱን ሆድ ውስጥ አንቀው ይይዙትና ወደ ደም ሳይገባ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ሻይም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። በአሜሪካ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጽሑፍ አለ። ከምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና የጠጡ ሰዎች ከምግቡ የወሰዱት ብረት ከመቶ 39 እጅ ቀነሰ። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድመው የጠጡት ግን ምንም አልቀነሰባቸውም። ከበሉ አንድ ሰዓት ቆይተው የጠጡትስ? ልክ ከምግቡ ጋር እንደጠጡት ሆነባቸው።

ልብ በሉ፤ እኛ ቡና የምናፈላው መቼ ነው? እንደበላን ነው።

እንግዲህ ሰዓቱን መቀየር ነው። ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሙት፤ ወይም ከበላችሁ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይጠጣ፤ ለእሱ ማቆየቱ ይሻለዋል። ክኒኑን ማታ ስትተኙ በውሃ ዋጡት። ከሽሮው ጋር ቃሪያ፣ ጎመን ወይም ድንች ሲበላ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ድንች ደግሞ በጋይንት አይቸግርም።

ነፍሰ ጡር መጠኑንም ትይ። ከ100 ግራም ቡና ውስጥ ካፌይኑ ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም። 60 ግራም ወቅጣችሁ ለአምስት ሰው ከአቦል እስከ በረካ ብታጠጡ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 120 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ይህ አይጎዳም። ነገር ግን ጧት እቤቷ፣ ቀትር ጎረቤት፣ ማታ ደግሞ እንደገና ከጠጣች 360 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። ጽንስ እንዳያስወርድና ልጁ ከሲታ ሆኖ እንዳይወለድ ነው። የሆድ ልጅ ካፌይንን ማስወገድ አይችልም።

እንቅልፍ የሚነሳችሁም ሰዎች ይህን ስሙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ሌሊት 5 ሰዓት ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። በማግሥቱ ለእርሻ ስትነሱ ትደክሙና ያንኑ ቡና ትፈልጋላችሁ። ቡና በጨው የምትጠጡ፣ በተለይ የደም ግፊት ያለባችሁ፣ ጨውን ተዉት። በቀን ውስጥ ለአንድ ሰው የሚበቃው ጨው፣ የወጡም ተቆጥሮ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። እያቃጠለ አትጠጡ፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ የጉሮሮ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር የካንሰር አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ተናግረዋል። ሲቆላም በሩን ክፈቱት፤ ጭሱ ለሕፃናት ሳንባ ጠላት ነው። ለሕፃን ቡና አታቅምሱ።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደዚያ ቤት ተመለስኩ። የልጅቱ አማት ምድጃ ዳር ተቀምጠው አዳመጡኝ። ደስ አላላቸውም።

«እኔ ሰባት የወለድኩት ቡና እየጠጣሁ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ስንቱን ሲወልዱ ደም ፈሶ ተቸገሩ?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። እሳቱን ቆሰቆሱ። ቆይተውም «በሁለቱ» አሉ።

ክኒኑ አሁን በመኝታዋ ራስጌ፣ ከውሃ ጣሳ አጠገብ ተቀምጧል። ጀበናው ጎሕ ሲቀድ ይጣዳል፤ እንጀራው የሚቀርበው ከብቶቹ ከወጡ በኋላ ነው። አማቷ ግን አሁንም ሲያገኙኝ ይጠይቁኛል፤ «ይቅደም አልክ እንጂ ይቅር አላልክም አይደል?»

«አላልኩም እማማ።»

«እንግዲያው ግባና ጠጣ።»