ክር፣ እንጨትና ቆዳ፦ የጥንቱን የመጽሐፍ ድጉስ ጥበብ ስለ መማር



እኔ በማገለግልበት በኮንጋ፣ በይርጋጨፌ ወረዳ፣ እሑድ ጠዋት ወደ አምልኮ ከሚመጡት ወገኖች ብዙዎቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በላስቲክ አስረው ወይም በፌስታል ጠቅልለው ይይዛሉ። ፌስታሉ ለዝናቡ ነው። ላስቲኩ ግን ገጾቹ እንዳይበተኑ ነው። መጀመሪያ የሚለቅቁት ከፊት ዘፍጥረት፣ ከኋላ ደግሞ ራእይ ናቸው። በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንዲት እናት "ፓስተር፣ የእኔ የሚጀምረው ከዘፀአት ነው" ሲሉኝ ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

እኚህ እናት መጽሐፋቸውን ከተማ ልከው ገንዘብ ከፍለው አሠርተውት ነበር። የጠገነው ሰው ጀርባውን በሙጫ ሞልቶ መለሰላቸው። ሙጫው ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ተሰነጠቀ፤ በመጨረሻም ገጾቹን ይዞ ወጣ። ታዲያ በዚህችው በአገራችን ከሺህ ዓመት በላይ የቆዩ መጻሕፍት እያሉ የእኛ መጽሐፍ አምስት ዓመት የማይሞላው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ነው ወደ ድጉስ ጥበብ የመራኝ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ በመንገዱ ላይ ያገኘሁትን ተግሣጽም አልደብቅባችሁም።

የጥንቶቹ መጽሐፍን እንዴት ያስሩ ነበር?

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎብኝቼ ነበር። በዚያን ጊዜ የብራና መጻሕፍትን ያየሁት እንደ ጌጥ ነው። ዛሬ ግን የማየው ስፌታቸውን ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ብራና እና የተለፋ ቆዳ አንድ አይደሉም። ብራና ማለት የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ፣ እንደ ተወጠረ የደረቀ ነው። የሚጻፈው በእርሱ ላይ ነው። የተለፋ ቆዳ ደግሞ እንዲለሰልስና እንዳይበሰብስ ተደርጎ የተዘጋጀ ሲሆን መጽሐፉን ከውጭ ያለብሱታል። በሊቃውንቱ ዘንድ ለዚህ የሚመረጠው ቀዩ ቆዳ ባሕረ ዐረብ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የብራናው ቅጠሎች እየታጠፉ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባሉ። ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት የታጠፉ ቅጠሎች አንድ ላይ ሆነው አንድ ጥራዝ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ጥራዝ እጥፋት ላይ በወስፌ ቀዳዳ ይበሳል፤ በአብዛኛው ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ በድምሩ አራት። ለየጥንዱ አንድ ክር ይመደባል፤ በክሩ ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ይገባል። ክሩ መጀመሪያ የሚታሰረው ገበታ ተብሎ በሚጠራው የእንጨት ሽፋን ላይ፣ ከጠርዙ በኩል በተበሳ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጥራዝ ይገባል፤ ሲወጣ ሁለተኛውን ጥራዝ ይወጋል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ባለፈው ስፌት ሥር ይሾልካል። እንዲህ እያለ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ እንደ ሹሩባ የሚመስል ሰንሰለት ይሠራል። የመጨረሻው ጥራዝ ሲያልቅ ሁለተኛው ገበታ በዚያው ክር ይታሰራል። ይህ ዓይነቱ ስፌት በጥንት ግብፃውያን ክርስቲያኖች ዘንድም የታወቀ ነበር።

ልብ በሉ፤ እስከ አሁን ስለ ቆዳ ምንም አላነሣንም። መጽሐፉ ግን ቆሟል። በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቆዳ ያልለበሱ፣ እንጨታቸው ገጥጦ የሚታይ ብዙ መጻሕፍት አሉ፤ ቢሆንም አልተበተኑም። ገጾቹን የሚይዘው ክር እንጂ ሙጫ አይደለምና። ክር ደግሞ ቢበጠስ ይተካል። መጽሐፉ እንደገና ተፈትቶ እንደገና ሊሰፋ ይችላል።

ቆዳው ቀጥሎ ይመጣል። ረጥቦ በገበታውና በጀርባው ላይ ይለበጣል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በውስጠኛው የገበታ ገጽ መካከል ላይ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ይለጠፋል። ከዚያ ደጓሹ የተለያየ ቅርጽ ያላቸውን ትናንሽ ብረቶች በእሳት አግሎ ቆዳውን ይተኩሳል፤ ዙሪያውን መስመርና ሐረግ፣ መካከሉን መስቀል ያደርጋል። ወርቅም ቀለምም አይጨመርበትም፤ የብረቱ ትኩሳት ብቻ ቆዳውን ጠየም አድርጎ ጌጡን ያወጣዋል። ድጉስ የምንለው ይህንን ነው። በመጨረሻ መጽሐፉ ማኅደር በሚባል ማንገቻ ባለው የቆዳ ከረጢት ውስጥ ይገባና በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ወይም በትከሻ ይነገታል። ስለዚህ አሠራር በሰፊው ማወቅ ለሚፈልግ ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ አለ።

ይህ ጥበብ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለማወቅ በአድዋ አቅራቢያ የሚገኘውን የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ማሰብ ይበቃል። በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ተገምቷል። ከመካከላቸው የአንዱ፣ በወርቅ የተለበጠ መዳብ የለበሰው ገበታ፣ ከመጽሐፉ ሳይለይ እስከ ዛሬ ከቆዩ የዓለማችን ጥንታዊ ሽፋኖች አንዱ እንደሆነ ይነገራል።

የጠፋ ጥበብ ይመለሳልን?

"ይህ የቀድሞ ሰዎች ሙያ ነው፤ አሁን ማን ያስተምረናል?" የሚል ይኖራል። መልሱን ከሐረር እናገኛለን። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረርን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የከተማይቱን የመጽሐፍ አሳሰር በጣም አድንቆ ጽፏል። የሐረር ደጓሾች ቁርዓንና ሌሎች የእስልምና መጻሕፍትን በቆዳ ይደጉሱ ነበር። የእነርሱ አሠራር ከደገኛው ይለያል፤ ከፊት በኩል ታጥፎ መጽሐፉን የሚከድን ተጨማሪ የቆዳ ክንፍ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ሙያው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

የከተማይቱን ቅርሶች በግላቸው ሲሰበስቡ የኖሩት አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ፣ እጃቸው የገቡት የቆዩ መጻሕፍት ሽፋናቸው የረገፈ ሆኖ ስላገኙት ጥበቡን ተምረው መልሰው ለማስነሣት ተነሡ፤ ለሌሎችም አስተማሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. የራስ መኮንን መኖሪያ የነበረው ቤት ለስብስባቸው ተሰጥቶ ሙዚየም ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሰው ልቡን ከሰጠ፣ የቆየ መጽሐፍ ራሱ አስተማሪ ይሆናል፤ ስፌቱን በትዕግሥት የተከታተለ የሰፊውን እጅ ያነብባልና።

በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

ውድ ወገኖቼ፣ ወደ ኮንጋ ስመለስ ዙሪያዬን ተመለከትሁ። ለገበታ የሚሆነው ዋንዛ ለቡናችን ጥላ ሆኖ በየጓሮው ቆሟል፤ የጥንቶቹም ዋንዛን ለገበታ ይጠቀሙ ነበር። ለልምምድ የሚሆን ክር ከእንሰት ቃጫ ተፍትሎ ይገኛል፤ ሰም ከቀፎ አለ። ቆዳማ ተርፎ ይጣላል፤ ከበዓል በኋላ የበግና የፍየል ቆዳ ገዢ አጥቶ በየመንገዱ ሲበሰብስ የማያውቅ ማን ነው?

ለመጀመር የምትፈልጉ ሁሉ እነዚህን ልብ በሉ።

1. በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ አትለማመዱ። ባዶ ወረቀት አጥፋችሁ አምስት ስድስት ጥራዝ ሠርታችሁ የማስታወሻ ደብተር ስፉ። ሦስተኛው ደብተር ከመጀመሪያው ይሻላል።

2. ክሩን በሰም አሹት። ሰም የነካው ክር አይላላም፤ እርጥበትም በቶሎ አይገባውም።

3. ስታጠብቁ በልክ ይሁን። ከመጠን በላይ የጠበቀ ክር ወረቀቱን ይቀድዳል፤ የላላውም መጽሐፉን ያወላግዳል።

4. የምትጠግኑትን መጽሐፍ ከላይ ከጀርባው በኩል ተመልከቱት። ትናንሽ እጥፋቶች በተርታ ከታዩ ጥራዝ አለውና መልሶ ሊሰፋ ይችላል። እጥፋት ከሌለውና ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው በሙጫ ብቻ የተያዙ ከሆነ የሰንሰለቱ ስፌት አይሆነውም፤ ከጎን በኩል ተወግቶ ነው የሚሰፋው፤ እንደ ሌላው ግን አይዘረጋም።

5. የቆየ የብራና መጽሐፍ ቢያጋጥማችሁ በፍጹም አትንኩት፤ አትፍቱት፤ ቅጠሉንም አትሽጡ። ቅርስ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህንን ይመለከታል።

የቁርበት ፋቂው ቤት

አሁን ወደ ተግሣጹ ልምጣ። ወጣቶቻችን ስፌቱን በጥቂት ሳምንታት ለመዱት። ቆዳው ግን አቃተን። የሞከርነው የፍየል ቆዳ ሁሉ ወይ ገማ፣ ወይ እንደ ሳንቃ ደረቀ። ከኋላ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲመለከተን የነበረ አንድ ወንድም በመጨረሻ ተነሣና "እንዲህ አይደለም" አለ። ኮቱን አውልቆ ሥጋውንና ስቡን ገፈፈው፤ የተወቀጠ ጉሎ እየቀባ በእጁና በእግሩ አሸው። ይህንኑ ለብዙ ቀናት ደጋገመ። ቆዳው እንደ ጨርቅ ለሰለሰ። "ከየት ተማርከው?" ብለን ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ "ከአያቴ" አለን።

እንደምታውቁት በብዙ የደቡብ ሕዝቦች ዘንድ ቆዳ የሚያለፉ፣ ሸክላና ብረት የሚሠሩ ወገኖች ከሌላው ተለይተው ኖረዋል። አብሮ መብላት፣ መጋባትም አልነበረም። "ፋቂ" የሚለው ቃል ዛሬም እንደ ስድብ ይነገራል። ይህ ወንድም ወገኑን ደብቆ በመካከላችን ብዙ ዓመታት ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቱ የጋብቻ ጥያቄ በድንገት ሲቋረጥ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነበር። ሁለቱም ቤተሰቦች አማኞች ናቸው። እኔም በዚያ ነበርኩ። ምክንያቱን አውቄው ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩም። "የጌታ ፈቃድ ይሁን" ብዬ ጸልዬ ተነሣሁ። ይህንን የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ የሐዋርያት ሥራን ስንት ጊዜ ሰብከናል? ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው ስምዖን በሚባል ቁርበት ፋቂ ቤት ነው (ሐዋ. 9፡43)። በአይሁድ ዘንድም ይህ ሥራ የተናቀ ነበር። ጌታ ስለ ቆርኔሌዎስ ለጴጥሮስ የተናገረው ጴጥሮስ በዚያ ጣራ ላይ ሳለ ነው (ሐዋ. 10)። እኔ ስለ ራእዩ ብዙ ሰብኬ ስለ ቤቱ ባለቤት አንድ ጊዜም አልሰበክሁም። የመገናኛው ድንኳን መደረቢያም ቀይ ሆኖ የተለፋ የአውራ በግ ቁርበት ነበር (ዘጸ. 26፡14)። ያንን ቁርበት ያለፋው እጅ የተናቀ ነበርን? ጳውሎስም በእስር ቤት ሆኖ መጻሕፍቱን፣ ከሁሉ ይልቅ ብራናዎቹን ጢሞቴዎስ እንዲያመጣለት ሲለምን (2ኛ ጢሞ. 4፡13) የሚለምነው የቆዳ ሠራተኞች የደከሙበትን ነው። በክንዳችን ታቅፈን የምንስመው መጽሐፍ በዘመናት ሁሉ ወደ እኛ የደረሰው እንዲህ ባሉ እጆች ተይዞ ነው። መጽሐፉን አክብረን እጁን ልንንቅ አንችልም።

እህቱንና ወንድሜን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። የጠፋውን ጋብቻ ግን ይቅርታዬ አልመለሰውም።

የእኚያን እናት መጽሐፍ ቅዱስ ስንመለከተው ጥራዝ ያለው ሆኖ ተገኘ። ያንኑ እትም ከሆነና ከግማሽ በታች ከቀረ ሌላ የተጣለ መጽሐፍ ዘፍጥረትን አገኘንለት። ወጣቶቹ ሰፉት፤ ወንድማችን ባለፋው ቆዳ አለበሱት። ብረት ስላልነበረን ጌጥ የለበትም። እናታችን ተቀብለው ቆዳውን በጣታቸው ዳሰሱና "ይህን ያለፋው ማን ነው?" አሉ። በጉባኤ ፊት ስሙን ጠራሁ። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በሚቀጥለው ቀን ቤታቸው ቡና እንዲጠጣ ጠሩት፤ እኔም አብሬው ሄድሁ።

ውድ አንባቢ፣ በአካባቢህ፣ በአካባቢሽ እንዲህ ያለ ሙያ ያላቸው ወገኖች ይኖራሉ። ጥበቡን ለመማር የምትፈልጉ ከመርፌውና ከወስፌው በፊት ወደ እነርሱ ቤት ሂዱ፤ ማዕዳቸውንም ተካፈሉ።

ጌታ ይባርካችሁ።