ከጉልበትዎ ጀርባ ያለው ዛብ

ሊፍት በሌለው ሕንፃ የረቡዕ ገበያ አስቤዛ አንጠልጥለው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ ስለ ቋንጃዎ አያስቡም። እስቲ አሁን የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ያሳርፉ።

ተረከዝዎን ሳያነሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ወንበሩ ይግፉት። እጅዎን ከጉልበትዎ ጀርባ ያስገቡ። በሁለቱም ጎን እንደ ክራር አውታር የተወጠሩ ጅማቶች ያገኛሉ።

ቋንጃ እነዚህ ናቸው። ቃሉን ከመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 11 ያውቁታል፤ ኢያሱ የጠላቶቹን ፈረሶች ቋንጃ ቆርጧል። በፈረስ ላይ ግን ዝቅ ብሎ ያለ ሌላ ጅማት ነው።

የሁለቱም ወገን ጡንቻዎች በአብዛኛው የሚነሡት ከአንድ ቦታ፣ አሁን ከተቀመጡበት የመቀመጫ አጥንት ነው። ታች ሲደርሱ ይለያያሉ፤ ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው።

የውጪውን ወፍራም ጅማት በጣትዎ ተከትለው ይውረዱ። ከጉልበትዎ በስተውጭ ዝቅ ብላ ያለች ድቡልቡል አጥንት ላይ ያበቃል። የውስጡ ቀጭን ነው፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። ከኋላ ዞሮ ወደ ፊት ይመጣና ከሌሎች ሁለት ጅማቶች ጋር ቅልጥምዎ ላይ ተዘርግቶ ይለጠፋል። ሦስቱ ሲገናኙ የዝይ እግር ስለሚመስሉ ሐኪሞች በላቲን ያንኑ ስም አውጥተውላቸዋል። ጠለቅ ብሎ ያለ ሌላ ወፍራም ጅማት ደግሞ እዚያው ከኋላ፣ ከቅልጥሙ ጫፍ ይጣበቃል።

በጎንደር በቅሎ የጋለቡ አባቶችና እናቶች ይህን አሠራር ያውቁታል፤ የበቅሎ ዛብ ነው። አንዱን ወገን ቢስቡ በቅሎዋ ወደዚያው ትዞራለች። ጉልበትዎ እንደታጠፈ፣ ተረከዝዎን ተክለው የእግር ጣቶችዎን ወደ ውጭ ያዙሩ፤ የውጪው ጅማት በእጅዎ ሥር ይጠነክራል። ወደ ውስጥ ሲያዞሩ የውስጡ ይነሣል። እግርዎን ዘርግተው ይሞክሩት፤ ጉልበትዎ አይዞርም፣ የሚዞረው ከዳሌዎ ጀምሮ ነው።

ኳስ የሚጫወት ልጅ ጉልበቱ ውስጥ አጥንት ከአጥንት የሚያስረው የፊተኛው ጅማት ሲበጠስበት፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከዝይ እግሩ ጅማት ወስደው ይተኩለታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። የተወሰደው ጅማት በብዙ ሰዎች ላይ፣ ወራት ሲቆጠሩ፣ እንደ እንሽላሊት ጭራ እንደገና ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከድሮው ቦታው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚለጠፈው።