ሻጯ ዋጋውን አያውቁም፤ ገዢው ግን ያውቃል

«12 ሺህ ይበቃኛል፣ ልጄ» አሉ እማማ።

ጓደኛዬ ዝም አለ። እኔ በሆዴ «ክፈልና እንውጣ!» እያልኩ ነበር።

ያለነው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ ኬዝ ተከፍቷል። ውስጡ ክር የሌለው፣ አቧራ የጠጣ ክላሲክ ጊታር ተኝቷል። ማስታወቂያውን ያየነው ቴሌግራም ላይ ነው። የእማማ ተከራይ ሁለት ፎቶ ለጥፎ «ጊታር፣ ክር ብቻ ይፈልጋል» ብሎ ጽፎበታል።

ጓደኛዬ ጊታሩን አነሳና የስልኩን መብራት በድምፅ ቀዳዳው አስገባ። ውስጥ የደበዘዘ ወረቀት አለ። በእጅ የተጻፈ ቁጥርና ፊርማ፣ ከሥሩ ደግሞ የአንድ የስፔን ከተማ ስም ይታያል፦ ግራናዳ። ግራናዳ ጊታርን አንድ በአንድ በእጅ በሚሠሩ ባለሙያዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን። እማማ ግን አያውቁም።

ታሪኩ እዚህ ጋ ነው የሚከብደው።

እሱ ሲራመድ ዋጋው በመኪና

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጓደኛዬ ልጆችን ጊታር ያስተምራል፣ ቅዳሜና እሁድ ቤተ ክርስቲያንና ሠርግ ላይ ይጫወታል። ሕልሙ ማርቲን ዲ-28 ነበር። ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1833 የተመሠረተ የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ነው። ዲ-28 አዲሱ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው።

ቁጠባ ሲጀምር የባንክ ምንዛሪ 57 ብር ገደማ ነበር። 3,000 ዶላር ማለት 171 ሺህ ብር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር 130 ብር ሲገባ ያው ጊታር 390 ሺህ ሆነ፤ ያውም ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይቆጠር። እሱ በሁለት ዓመት ያጠራቀመው 45 ሺህ ነው። እሱ በእግሩ ሲሄድ ዋጋው በመኪና ሄደ።

ስለዚህ ያገለገለ መፈለግ ጀመረ። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ አለ። አሜሪካኖች ችግር ያለበትን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ሻጩ መኪናው ሎሚ መሆን አለመሆኑን ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ዋጋ ያወርዳል። ዋጋው ሲወርድ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሎሚው ብቻ ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሲሆን ሽልማቱም ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

የቴሌግራም ጊታር ገበያም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ «ኦሪጅናል ማርቲን» የተባለ ልናይ ሄድን። ማርቲን ከ1898 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጊታሮቹ ላይ መለያ ቁጥር ያትማል፤ ቁጥሩን ከዓመቱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። የዚያኛው ቁጥር ሻጩ ከነገረን ዓመት ጋር አልገጠመም። ፊቱም ኮምፔንሳቶ ነበር። አመስግነን ወጣን።

በጣት የሚታወቅ ነገር

ጓደኛዬ የጨንቻ ልጅ ነው፤ አባቱ ሸማኔ ናቸው። ዶርዜና አካባቢው ያደገ ሰው ጨርቅ በዓይኑ ብቻ አይገዛም። በጣቱ ያሻሸዋል፣ ገልብጦ ያየዋል፣ ድርና ማጉን ይፈትሻል። የፋብሪካ ሕትመት ጥበብ መስሎ ሲመጣ ጀርባው ያጋልጠዋል። ጊታርም ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እናንተም ብትገዙ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልክ መብራት እዩ። ላዩ ላይ ያለው የእንጨት መስመር በጠርዙ ውፍረት ላይ ሳይቋረጥ ከወረደ ፊቱ ወጥ እንጨት ነው። እንደ ሳንዱች የተደራረበ ከሆነ ኮምፔንሳቶ ነው። ወጥ እንጨት በነፃነት ስለሚርገበገብ ድምፁ ይከፈታል፤ ሲጫወቱበት ይበልጥ እያማረ ይሄዳል የሚሉም ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ጀርባውን ከውጭና ከውስጥ አወዳድሩ። የውጩ መስመርና ጉጥ ከውስጥም በዚያው ቦታ ከታየ ጀርባውም ወጥ ነው። ሦስተኛ፣ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ተመልከቱ፤ የተጣመመ ከሆነ ተዉት። አራተኛ፣ ክር ካለው 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ በስልክ መቃኛ አፕ ለኩት። ባዶው ክር ከሰጠው ኖታ በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት።

የእማማ ጊታር የቻልነውን ፈተና ሁሉ አለፈ። ፊቱ ሴዳር፣ ጀርባና ጎኑ ጠቆር ያለ ሮዝዉድ፣ ሁሉም ወጥ። ክር ስላልነበረው አራተኛውን መሞከር አልቻልንም። እንዲህ ያለ በእጅ የተሠራ ጊታር ውጭ አገር ዋጋው በሺህ ዶላሮች ነው። 1,500 ብንለው እንኳን በ130 ብር ምንዛሪ 195 ሺህ ብር ይሆን ነበር። እሳቸው የጠየቁት 12 ሺህ።

አሁን አከርሎፍ ተገለበጠ። የሚያውቀው ገዢው ነው፣ የማያውቁት ሻጯ ናቸው።

«ጎሜ ነው»

ቡና ሲቀርብ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ገበያ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው የጠሩት ዋጋ ነው» አልኩት። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ በፈቃደኝነት የሚደረግ ግብይት ሁለቱንም ይጠቅማል የሚለውን አልረሳሁም።

«ጎሜ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ አልጨመረም።

ጋሞ ውስጥ ጎሜ ማለት የተከለከለውን ማድረግ ነው፤ ያደረጉት ነገር በራስ፣ በቤት፣ በአዝመራም ላይ መዘዝ ይዞ ይመለሳል። ለእኔ ትውልድ «የአባቶች ነገር» ሊመስል ይችላል። ግን በመስከረም 2011 በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጣ ወጣት አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጣ፣ እርጥብ ሳር ይዘው የተንበረከኩት የጋሞ አባቶች ናቸው ያስቆሙት። በዚህ ከተማ የሽማግሌ ቃል ጌጥ አይደለም፤ ሥራ ይሠራል።

ጓደኛዬ ስኒውን አስቀመጠና «እማማ፣ ይሄ ጊታር ከጠሩት ዋጋ በጣም ይበልጣል» አላቸው። ወረቀቱን አሳያቸው፣ እንጨቱን አስረዳቸው። «እኔ ያለኝ 45 ሺህ ነው። ሙሉ ዋጋውን መክፈል አልችልም። ግን ሳይነግርዎት ወሰደ እንዳልባል።»

እማማ ለረጅም ጊዜ አዩት። ጊታሩ የሟች ባለቤታቸው ነበር። እዚህ ሲሠራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ሲሄድ ትቶላቸው ነው። «አባትዬው ማታ ማታ ይመቱት ነበር» አሉ። ከዚያ አዲስ አበባ ላለው ልጃቸው ደወሉ።

ልጁ እንደኔው ነው ያሰበው። «ላኪልኝ፣ እዚህ እሸጠዋለሁ።» ጎረቤት ያሉ አንድ ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። ስሌቱ ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አውቶብስ ጣሪያ ላይ የተጫነ ጊታር አንገቱ ተሰብሮ ሊደርስ ይችላል። ወደ ውጭ መሸጥም ሌላ ጣጣ አለው። እንጨቱ የብራዚል ሮዝዉድ ከሆነ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ በጥብቅ የተገደበ ነው፤ ከህንዱ ሮዝዉድ ደግሞ በዓይን መለየት ከባድ ነው።

ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «የሚመታው ማነው?»

ስምምነቱ 60 ሺህ ሆነ። 45 ሺህ ወዲያው፣ የቀረው 15 ሺህ በየወሩ 3 ሺህ፣ ለአምስት ወር። ልጁም በስልክ «እሺ» አለ።

የተረፈው ሒሳብ

እውነት መናገር ጓደኛዬን 48 ሺህ ብር አስከፍሎታል። የሁለት ዓመት ቁጠባ ነው፤ ይህን አላሳንሰውም። ያተረፈው ምንድነው? ኬዙን፣ የጊታሩን ታሪክና መንገድ ላይ ቢያገኛቸው የማይሸሻቸውን ሻጭ ነው። አከርሎፍም ቢሆን የዚህ ዓይነቱ ገበያ የሚድነው መተማመን ሲኖር እንደሆነ ጽፏል። እኔ ይህን ለፈተና ሸምድጄ ነበር። ሲሠራ ያየሁት ግን ሴቻ ነው።

ደግሞም ተናግሮ ጊታሩን አድኖታል። እማማ ተከራያቸው የብረት ክር ገዝቶ እንዲያስርበት ሊያደርጉ ነበር። ክላሲክ ጊታር የተሠራው ለናይለን ነው። የብረት ክር የሚስበው ኃይል እጅግ ስለሚበልጥ ብሪጁን ይገነጥላል፣ ፊቱን ያጎብጣል። ቤታችሁ ክላሲክ ጊታር ካለ ይህን አትርሱ።

አሁን ያለበት ፈተና የአየር ፀባይ ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ቤተሰቡ ያለበት ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ብርድና ጉም። ወጥ እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ልዩነቱ ሲበዛ ይሰነጠቃል። ተስማሚው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ጓደኛዬ በበጋ የሳሙና ማስቀመጫ በስቶ፣ ውስጡ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጎ ኬዙ ውስጥ ይተዋል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም። ከጨንቻ ሲወርድም ኬዙን ወዲያው አይከፍትም።

ሦስት ወር ከፍሏል፣ ሁለት ይቀረዋል። ባለፈው ወር አብሬው ሄጄ ነበር። 3 ሺህውን ሲዘረጋላቸው እማማ እጃቸውን አልዘረጉም።

«መጀመሪያ ምታ» አሉት።

መታ። ሲጨርስ ነው ብሩን የተቀበሉት፤ አልቆጠሩትም።