ታንኳ ውሃ ያስገባል

ታንኳ ደንገል ከተባለ የውሃ ዳር ተክል የሚታሰር የጣና ሐይቅ ጀልባ ነው። ሚስማር የለውም፣ ሳንቃ የለውም፣ ቀለም አይቀባም። ትንሹ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከነመረቡ ይይዛል፤ ትልቁ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ማገዶ ተከምሮበት ይሄዳል። ስለ መልኩ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ አይቶታል፣ ያልሄደም በፖስት ካርድና በግድግዳ ካሌንደር ያውቀዋል። ያስቸገረውም ይኸው ነው፤ ሥዕሉን ስለለመድን ዕቃውን የምናውቀው ይመስለናል።

አለማወቃችን የሚጋለጠው ስንሳፈርበት ነው። አንድ ጠዋት ከዘጌ ዳርቻ ብዙም ሳንርቅ፣ አብሮኝ የተሳፈረ የአዲስ አበባ ወጣት ካልሲው ሲረጥብ «ኧረ ውሃ ገባ! መልሱን!» ብሎ ብድግ አለ። ታንኳው ወደ ጎን ዘመም አለ። ቀዛፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። ዘንጋቸውን ሳያቆሙ፣ «ቁጭ በል ልጄ፤ ውሃው ከተነሣን ጀምሮ አለ፣ አሁን ያስቸገርኸን አንተ ነህ» አሉት። ልጁ ተቀመጠ፤ ታንኳውም ተስተካከለ። ውሃው ግን እዚያው እንደነበረ ነው።

የልጁ ድንጋጤ የብዙዎቻችን ነው። ጀልባ ማለት ውሃ የማያስገባ ዕቃ ነው ብለን ስላደግን፣ እግራችን ሥር ውሃ ስናይ «ቀዳዳ አለው» እንላለን። ከዚያ አልፈን «ኋላ ቀር» እንለዋለን። የታንኳ ቀዳዳ ግን አንድ ሁለት ተብሎ አይቆጠርም፤ ሁለንተናው ቀዳዳ ነው። ውሃው በነዶዎቹ መካከል ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ያ ባዶ ቦታ በውሃ ከሞላ አለቀለት። ታንኳ ግን የሚንሳፈፈው ራሱ ደንገሉ ስለሚንሳፈፍ ነው። እንደ ቡሽ ማለት ነው፤ ቡሽ ውስጥ ውሃ ገባ ብሎ የሚጮህ ሰው አላየሁም።

ደንገል ሲቆረጥ አይታችሁ ከሆነ ግንዱ ሦስት ጎን እንዳለው አስተውላችኋል። ላዩ ቀጭንና ጠንካራ አረንጓዴ ልባስ ነው። ከሥሩ ያለው ነጭና ለስላሳ አካል ግን በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ ነው። ተክሉ ይህን አየር የያዘው ለራሱ ኑሮ ነው፤ ሥሩ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሚኖር ከላይ ወደ ታች አየር ማውረድ ይኖርበታል። ሰው ያንን ቆርጦ፣ አድርቆ፣ በነዶ በነዶ አስሮ ይሳፈርበታል። አየሩ በሺህ ቦታ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ስለሆነ አንድ አደጋ ሁሉንም አያጠፋውም። ድንጋይ የወጋው ፋይበር ግላስ ጀልባ ወደ ታች ይሄዳል፤ ድንጋይ የወጋው ታንኳ ጥቂት ዘንግ ተጎድቶበት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ታንኳ ጨርሶ አይሰምጥም ማለቴ ግን አይደለም። ይሰምጣል፤ የሚሰምጠው ግን ቀስ ብሎ፣ በሳምንትና በወር ነው። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውን ያህል አየር ይለቃል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የሚጠጣው ደግሞ በዋናነት በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው፤ ልባሱ ያልተጎዳ ዘንግ በጎኑ ብዙ ውሃ አያስገባም። ጎበዝ ታንኳ ሠሪ እጁ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጫፎቹን ሰብስቦ፣ አጥብቆ አስሮ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርገዋል። ያ ቀና ያለ አፍንጫ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ። ማዕበሉን ከመክፈሉ ሌላ የዘንጎቹን አፍ ከውሃ በላይ የሚያቆየው እሱ ነው። ታንኳ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ጫፉን ይሁን፤ እዚያ የላላ ማሰሪያ ካለ ሌላውን አትመልከቱ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የደንገልና የጫፉ ነገር በውቅያኖስ ላይ ተፈትኗል፤ በእኛው ደንገል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ሩቅ ባሕር መሻገር ይችሉ እንደሆነ ለማየት ሲነሣ፣ ግብፅ ውስጥ የዱር ደንገል ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ደንገሉ ከጣና ተቆርጦ ሄደ፤ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ መጡ፤ መርከቡ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ታሰረ። ስሙም ራ ተባለ። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥቶ አትላንቲክን ገባበት። ደንገል ቶሎ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል ተብሎ ተተንብዮ ነበር፤ ራ ግን ሳምንታት ተንሳፍፎ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ።

ከካሪቢያን ደሴቶች ሳይደርስ የቀረው ለምንድን ነው? የኋላ ጫፉ ወደቀ። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የኋላውን ጫፍ ወደ ላይ ጎትቶ የሚይዝ ገመድ ይታያል። የገመዱ ሥራ ሳይታወቅ ተዘነጋ። ጫፉ ሲወርድ ባሕሩ በኋላ በኩል ወጣበት፣ ደንገሉ ተፈታታ፣ ሰዎቹም በሌላ ጀልባ ተረፉ። በማግሥቱ ዓመት ራ 2 እንደገና ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል ተሠራ፤ ያሰሩት ደግሞ ከቦሊቪያው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ይታያል። እንግዲህ ደንገሉን የሚንቅ ሰው ቢኖር ይህን ይንገሩልኝ፤ የከዳው ማሰሪያው ነው፣ ደንገሉ አልከዳም።

ታንኳን መንከባከብ ማለት እንግዲህ ማድረቅ ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ከሥራ ሲመለስ ከውሃ ይወጣል። ዳር ላይ ታስሮ የሚያድር ታንኳ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያድራል፤ ባለቤቱ ተኝቶ የታንኳው ዕድሜ ያልቃል። ከወጣ በኋላ በደረቱ አይጣልም፤ ዛፍ ላይ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ውሃውም ቁልቁል ይንጠፈጠፋል። ውስጡ የሚነጠፈው የመቀመጫ ነዶ ተነሥቶ ለብቻው ይሰጣል፤ ከሁሉ ቶሎ የሚበሰብሰው እሱ ስለሆነ ከሁሉ ቶሎ የሚለወጠውም እሱ ነው። ደንገል ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ ማሰሪያውን በየጊዜው መፈተሽና ማጥበቅ ነው። በድንጋይ ላይ መጎተት ደግሞ ልባሱን ይልጠዋል፤ የተላጠ ዘንግ በጎኑም መጠጣት ይጀምራል። ሁለት እርምጃ ለማትረፍ ታንኳ የሚጎትት ጎረምሳ ባየሁ ቁጥር ዝም ማለት ያቅተኛል።

መድረቅ አለመድረቁን የሚነግረው ትከሻ ነው። የደረቀ ትንሽ ታንኳ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። አንሥቶ «ዛሬስ ከበደኝ» ካለ ያ ታንኳ ፀሐይ ይፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የሚቆጠረው በወር ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያወራ ሰው የሞተር ጀልባ ባለቤት ለመለዋወጫ የሚያወጣውን አልጠየቀም። ታንኳ ሲያረጅ መለዋወጫው ሐይቁ ዳር በቅሎ ይጠብቃል።

ወቅቱም የራሱ ሕግ አለው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የክረምቱን ጎርፍ ያመጣሉ፤ ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ ከዚያ እየወረደ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። በመስከረም ደጃፍ የነበረ ውሃ በግንቦት ጭቃ አቋርጠው የሚደርሱበት ይሆናል፤ ያኔ ተሸክመውት የሚሄዱት ጀልባ ያለው ሰው ይመሰገናል። በበጋ ደንገል ቆርጦ ለማድረቅ ፀሐዩ ሞልቷል። በክረምት ግን ማድረቂያ የለም፤ ታንኳው ከሥር ከሐይቁ፣ ከላይ ከሰማይ ይጠጣል። ሄየርዳል በ1977 (እ.ኤ.አ.) ኢራቅ ውስጥ ቲግሪስ የተባለውን የሸምበቆ መርከብ ሲሠራ፣ የረግረጉ ነዋሪዎች ሸምበቆው መቆረጥ ያለበት በኦገስት ወር ነው ብለውት ነበር፤ መርከቡ ወራት ተንሳፍፎ ጅቡቲ ደርሷል። ምክሩን እንዳለ ወደ ጣና የሚያመጣ ግን እንዳይኖር፤ የእነሱ ኦገስት የሚያቃጥል በጋ ነው፣ የእኛ ነሐሴ ዝናብ።

ስለ መቅዘፍ ጥቂት ልበል፤ በጽሑፍ የሚማሩት ነገር አይደለምና። ቀዛፊው ረጅም ዘንጉን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሰዳል፤ ዳር ላይ ሲሆን መሬቱን ይገፋበታል። ክብደት መሐል ይቀመጣል። ጉማሬ በሚውልበት አካባቢ፣ በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ አቅጣጫ የሚመርጠው ተሳፋሪው ሳይሆን ቀዛፊው ነው። ሰዓትም የሚመርጠው እሱ ነው። በጠዋት የተኛ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ በንፋስ ይነሣል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 9 ሜትር ያህል፣ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቁልቁለታም ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ከአዲስ አበባ መጥቶ «ምሳ በልተን እንሂድ» የሚል እንግዳ ይህን አያውቅም፤ ቀዛፊው «አይሆንም» ሲለው ዋጋ ለማስጨመር ይመስለዋል።

ታንኳ ከማንም በላይ የተያያዘው ከነገደ ወይጦ ሕዝብ ጋር ነው። በጣና ዳርቻ የኖሩ፣ ጉማሬ በማደን የታወቁ፣ በኋላም በዓሣ፣ በደንገልና በስፌት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ጎረቤት ግን ለረጅም ጊዜ ንቋቸው ኖሯል፤ በእጃቸው ሥራ እየተሻገረ። የገዳማቱ መነኮሳት፣ የደቅ ደሴት ገበሬ፣ የዘጌ ቡና ነጋዴ፣ ሁሉም ውሃውን ያለፈው በታንኳ ነው። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐይቁንና ደሴቶቹን እየዞረ ካርታ ያነሣው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማንም በታንኳ ተሳፍሯል። ሠሪውን እየናቁ ሥራውን ማድነቅ አሁን አሁን በቱሪስት ማስታወቂያ ላይም አያለሁ፤ ፎቶው አለ፣ ያሰረው ሰው የለም።

የሞተር ጀልባ ነጂዎችን ሳልነካ አላልፍም። ሞተሩን አልጠላም፤ እኔም እሳፈርበታለሁ። ግን ከታንኳ አጠገብ በሙሉ ጉልበት ማለፍ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ታንኳው ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ ማገዶ የተከመረበት ነው፤ የሚነሣው ማዕበል ጭነቱን ያናውጠዋል፣ ከተናወጠ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት ገቢ ውሃ ላይ ይበተናል። ፍጥነት መቀነስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሞተሩ የባሰው ግን ዳርቻው ላይ ነው ያለው። ደንገል ሲቆረጥ አይጠፋም፤ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ከቀረ እንደገና ይበቅላል። የሚጠፋው ሲታረስ፣ ሲቃጠልና ከብት ሲለቀቅበት ነው። ውሃው ሲሸሽ እግር በእግር እየተከተለ የሚያርሰው ሰው ደንገሉን ይነቅለዋል፤ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ የቀረውን ዳር ያለብሰዋል። ደንገሉ የዓሣ መራቢያ ነው፣ ከማሳ የሚወርደውን ደለል ማጣሪያ ነው፤ ታንኳው ከዚህ ሁሉ የሚገኝ ትርፍ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 (እ.ኤ.አ.) በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። መዝገቡ ግን ደንገል አያበቅልም።

ታንኳን ለማዳን ብለው አንዱን አድርቀው በመስታወት ውስጥ ለማኖር የሚመክሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያንን ኦስሎም አድርጋዋለች፤ ደንገሉ የእኛ ሆኖ። በወራት ዕድሜ የሚያልቅ ጀልባ ግን በአንድ ናሙና አይድንም፤ የሚድነው ያለቀውን የሚተካ ሌላ ሲታሰር ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ያልታረሰ ዳርቻና የድካሙን ዋጋ የሚያገኝ ሠሪ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ስትሄዱ ለፎቶው ብቻ አትክፈሉ፤ ተሳፈሩበት፣ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ። በጠዋት ሂዱ፣ ካልሲያችሁንም ቤት ተዉት።