ባለቀለሙ ምስል ፎቶ አይደለም

አንጎል ሲሠራ በነርቭ ሴሎቹ ውስጥ ከረንት ይሄዳል፤ ከረንት ባለበት ሁሉ ደግሞ መግነጢሳዊ መስክ አለ። ሜግ የሚባለው መሣሪያ ይህን መስክ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ ይለካል። ጨረር የለው፣ መርፌ የለው። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ኮኸን በ1968 እ.ኤ.አ. በመዳብ ሽቦ ጥቅል ጀመረው፤ በ1972 ደግሞ ስኩዊድ በተባለው፣ በፈሳሽ ሂሊየም እስከ -269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚቀዘቅዝ መለኪያ እጅግ አሻሻለው። የሚለካው መስክ ከመሬት መስክ በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ ሊያንስ ይችላል።

ሰው ሁሉ የሚደነቀው በዚህ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ከልኬቱ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው፦ ከውጭ ከተለካው ተነሥቶ ከረንቱ ውስጥ የት እንደነበረ ማስላት።

በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ አቅራቢ በሜግ በተሠራ የአንጎል ምስል ላይ ያለ ቀይ ነጠብጣብ እየጠቆመ «ይኸው፣ እዚህ ጋ አየነው» ሲል ሰምቼ ተናድጃለሁ። አላዩትም፤ አሰሉት። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ገና በ1853 እንዳሳየው፣ ከውጭ የሚገኝ ልኬት ብቻውን የውስጡን ከረንት አይወስንም። ያንኑ ልኬት የሚሰጡ የከረንት ስርጭቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ጭስ አይቶ ምድጃ እንደመቁጠር ነው። ስለዚህ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ሰው አንድ ግምት ማስገባት ግድ ይለዋል። አንዱ «ምንጩ አንዲት ነጥብ ናት» ይላል። ሌላው ልኬቱን ከሚያብራሩት ሁሉ በድምሩ አነስተኛውን ከረንት ይመርጣል፤ ይህኛው ጥልቅ ያለውን ምንጭ ወደ ላይ ጎትቶ ያሰፋዋል። ልኬቱ ሳይለወጥ ቀዩ ነጠብጣብ ቦታ ይለውጣል ማለት ነው።

ደግሞም መሣሪያው ጨርሶ የማይሰማው ከረንት አለ። ጭንቅላት ፍጹም ሉል ቢሆን ኖሮ፣ ከመሃል ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከረንት ውጭ ላይ ምንም መስክ አይተውም ነበር። በእውነተኛው ጭንቅላትም በአንጎል እጥፋቶች አናት ላይ ያለው ደብዝዞ፣ በግድግዳቸው ያለው ጎልቶ ይመጣል። ባዶ የታየ ቦታ ዝም ያለ ቦታ አይደለም። የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው ኢኢጂ አብሮ የሚለጠፈውም ለዚህ ነው፤ እሱ የአናቱንም የግድግዳውንም ከረንት ይሰማል።

ግምቱ ከሰውነቱ እውነታ ጋር ሲገጥም ግን ሥራው ያኮራል። የሚጥል በሽታ መነሻ ጠባብ ቦታ ሲሆን የአንዲት ነጥብ ግምት ይስማማዋል፤ ሐኪሞችም ከቀዶ ሕክምና በፊት ይጠቀሙበታል። እንግዲህ ባለቀለም አንጎል ሲያሳዩዎ ስለ ቀለሙ ሳይሆን በየትኛው ግምት እንደተሰላ ይጠይቁ።