ያውቁ ኖሯል? ገቢ ግብር ይቅር ቢባል ምን ይተካው?

«ከደመወዛችን መቁረጡን ትቶ መንግሥት ከገበያው ይውሰድ» የሚለው ሐሳብ ደመወዝተኛው ዘንድ ይወደዳል። የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ሰው አንዱ ግብር በሌላ ሲተካ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ሸክሙ ከማን ትከሻ ወደ ማን እንደሄደም ያውቃል።

ገቢ ግብር በአገራችን ገና መቶ ዓመት እንዳልሞላው ያውቁ ኖሯል? የግልና የንግድ ገቢን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 60 የወጣው በ1936 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የዚሁ የእኛ አካባቢ፣ የበጌምድር ገበሬ እህሉን፣ ማሩን፣ ከብቱንና ጉልበቱን ይገብር ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ትልቅ የግብር ማሻሻያ አስበው እንደነበርስ? በነገሡ ሰሞን በየመንገዱ ተበታትኖ ነጋዴውን ያማረረውን ኬላ አስቀርተው ቀረጥ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲከፈል አዘዙ። ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃው መሬት ተትቶ ቀሪው ለገባር እንዲሰጥ ፈለጉ፤ ከካህናቱ ጋር ያጣላቸውም ይኸው ነው። ሐሳባቸው ወታደሩ ከገበሬ ማድጋ መብላቱን ትቶ ደመወዝ እንዲያገኝ ነበር። ገንዘቡ ግን አልተገኘም። በዘመናቸው መጨረሻ የበጌምድር ገበሬ ከግብር አልፎ ዘረፋ ደረሰበት። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡም ከተማዋን አቃጥለው ሄዱ። መድፉን ገደል ለገደል የጎተተው የሰው ጉልበት ነው፤ መንገዱም በሰው እጅ ተጠረገ።

ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በከፊል በገቢ ግብር እንደዘመተ ያውቁ ኖሯል? ጦሩ ሲላክ የእንግሊዝ መንግሥት በዜጎቹ የገቢ ግብር ላይ በእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ፔኒ ጨመረ። የዘመቻው ወጪ በመጨረሻ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። እንግሊዝ ይህን ግብር የጀመረችው በፈረንጆች 1799 ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ ነው፤ በ1816 ተወችው፣ በ1842 ደግሞ መለሰችው። ለእኔ የመቅደላ ታሪክ የጀግንነትና የመድፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንዱ መንግሥት ከሕዝቡ ገቢ ላይ በሥርዓት የሚሰበስብበት መንገድ ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም።

አሥራት በሰፊው የተደነገገው ለገበሬው እፎይታ ተብሎ እንደነበር ሰምተዋል? ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ፣ ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ፣ ወታደር ገበሬ ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ በምትኩ ከምርቱ አንድ አሥረኛ እንዲሰጥ አዘዙ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱ በገንዘብ እንዲከፈል ታወጀ።

በጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ ግን መሬታቸው በጋሻ ሳይለካ ቆየ። ግብሩ እንደ ቀድሞው በጅምላ ይመጣል፤ ባለርስቶች በየዘራቸው ይካፈሉታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ግብር መክፈል ርስት ለመያዝ ማስረጃ ስለሆነ ሰው ድርሻዬን ልክፈል ብሎ ይከራከር ነበር።

ይህን ያልተረዳ ሕግ ምን እንደገጠመው ያውቁ ኖሯል? በኅዳር 1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል። ገበሬው ግን ገማቹ ሲመጣ የታየው ቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ ነው፣ ከቀላድ በኋላ ደግሞ ርስት መነቀል። ጎረቤት ጎጃም ሞጣና ቢቸና ላይ ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አንሥቶ ውዝፉን ሰረዘ።

ዛሬስ? የጉና ሥር ገበሬ የሚከፍለው የእርሻ ገቢ ግብር የሚሰላው በይዞታው ስፋት ነው። ስሙ ገቢ ግብር ቢሆንም የመሬት ግብር ሆኗል ማለት ይቻላል። ገማች ጎተራ አያይም፤ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። በረዶ ድንቹንና ገብሱን የመታ ዓመት ግን፣ ምሕረት ካልተደረገለት በቀር፣ ሄክታሩ ያው ሄክታር ነው።

የከተማው ባለሱቅ መከራ ከገማች ጋር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች ሱቅ እስከመዝጋት ተደርሷል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደረጃ ሐ የሚባለው የግብር ከፋዮች መደብ ቀርቷል፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ደረጃ ለ ግብሩ በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ይሰላል። ገቢ ግብር በሽያጭ ግብር መተካት ማለት ይኸው ነው፣ በከፊል ተጀምሯል። ቀላልነቱን እወድለታለሁ። ነገር ግን በኪሎ ጥቂት ብር የሚያተርፈው እህል ነጋዴና እጥፍ የሚያተርፈው ሰው በአንድ ሚዛን መቀመጣቸው አይዋጥልኝም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከደመወዝ ግብር አይቆረጥም ሲባል ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ነዳጁ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ከፈረንጆች 2020 ጀምሮ ቫቷን 15 በመቶ አድርጋለች፤ ልክ እንደ እኛው። እዚያ የምትሠራ እህታችን ሳሙና ስትገዛ ትከፍለዋለች።

ቫት ሀብታምና ድሃ አይለይም። ደብረ ታቦር ገበያ 1,150 ብር የተከፈለበት ቫት ያለበት ጫማ ውስጥ 150 ብሩ የመንግሥት ነው፤ የገዛው የቀን ሠራተኛም ይሁን ባለ ፎቅ። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው ያገኘውን ሁሉ ስለሚያወጣ ከገቢው ላይ የሚይዝበት ድርሻ ይበልጣል። ስለዚህ ገቢ ግብር ተነሥቶ ቫት ይጨመር የሚለውን አልደግፍም። ከግብር ነፃ የሚሆነው ደመወዝ ከፍ ይበል እንጂ።

ሌላም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከክልል መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር የክልሉ ገቢ ነው፤ በአንቀጽ 96 ደግሞ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ የፌዴራሉ ነው። ከደቡብ ጎንደር መምህራንና ነርሶች ደመወዝ የሚቆረጠው ቢቀር መጀመሪያ የሚጎድለው የባሕር ዳር ካዝና ነው፤ ከዚያም የወረዳው በጀት።

በ2008ቱ አዋጅ 600 ብር የነበረው ከግብር ነፃ ደመወዝ በ2017ቱ ማሻሻያ 2,000 ብር ደርሷል። በወር 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው ቀድሞ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 500 ብር ነው። የደመወዝ ወረቀትዎን አውጥተው ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ የመሥሪያ ቤትዎን ፋይናንስ ይጠይቁ።