ባለደብተሯ

ከሰዓት በኋላ ነው፤ የማጀቴ ፀሐይ ገና አልበረደችም። አንዲት አያት በረንዳቸው ላይ ቡና ይቆላሉ። ደብተር በብብቷ የያዘች ወጣት ከአጥሩ ወዲያ ቆማ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» ትላለች። «ግቢ ልጄ፣ ደረሰልሽ» ይሏታል። ትገባለች፤ ደብተሯን ግን አትገልጥም። አቦሉ እስኪቀዳ ወሬው ስለ ማሽላው ነው፤ ወፍ እንዴት እንዳስቸገረ፣ ማሾ ስንት እንደገባ። ሁለተኛው ስኒ ላይ እንደ ዋዛ «እማማ፣ ትልቋ አልታየችኝም» ትላለች። «አክስቷ ወሰደቻት፤ ላስተምርልሽ ብላ።» «እሰይ። የት ከተማ ነው? ትምህርት ቤቱስ የትኛው ነው?» አያትየው ረከቦቱን ማስተካከል ይጀምራሉ። ደብተሩ የሚገለጠው ይኼኔ ነው።

የአንድን ቤት ገመና መዘርገፌ አይደለም፤ በይፋት ቆላ ስንት ደጃፍ ላይ የሚታየውን አንድ ላይ አምጥቼ ነው። እናት አረብ አገር፣ አባት ለጉልበት ሥራ ከወጣ የቆየ፣ ልጆቹ አያት እጅ። ወጣቷ ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት፤ ብዙዎች «ሶሻል ወርከሯ» ይሏታል፤ ገሚሱ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ያምታታታል፤ ገሚሱ እርዳታ አዳይ ትመስለውና «ስንዴው መቼ ነው?» ይላታል። ስንዴ የላትም። የምትሰጠው ነገር ስለሌላት ሥራዋን ለማስረዳት ይከብዳል።

ሥራው ባጭሩ ማገናኘት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለውን ልጅ ወደ ቀበሌው ወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ትመራለች፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም። መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ጤና መድን ውስጥ እንዲገባ ትሯሯጣለች። ከትምህርት የቀረውን ልጅ ከመምህሩ ጋር ትፈልጋለች። ተደፈረች የተባለች ልጅ ካለች ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ዘንድ አብራ ትቆማለች። በሙያው ቋንቋ ይህ «ጉዳይ አያያዝ» ይባላል፦ መለየት፣ ቤት ድረስ መጎብኘት፣ ማቀድ፣ ማገናኘት፣ ተመልሶ መጠየቅ። አራቱን ማንም ይሠራዋል፤ ተመልሶ መጠየቁ ነው የሚከብደው።

ብቻዋን አይደለችም፣ ወይም መሆን የለባትም። በቀበሌው የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት የሚባል ስብስብ አለ፤ ሊቀመንበሩ፣ መምህሩ፣ ቄሱ፣ ሼኩ፣ የቅሬ (የዕድር) ዳኛው ይቀመጡበታል። የቅሬ ዳኛው የማያውቀው ቤት የለም። ማን ሞተ፣ ልጆቹን ማን ወሰደ የሚለውን ከመዝገብ ቀድሞ እሱ ያውቃል።

አሠራሩ በቅርብ የተሞከረው ከማጀቴ ብዙም በማይርቀው በደዋ ጨፋ ወረዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. ገደማ መንግሥትና ዩኒሴፍ በዚያና በደቡብ ጎንደሩ ሊቦ ከምከም የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ከጤና መድንና ከማኅበራዊ ሠራተኛ ክትትል ጋር አገናኙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገንዘብ ብቻውን የታመመን ልጅ ጤና ጣቢያ አያደርስም፤ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል።

ሙያው ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ተቋርጦብን ነው። ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ አብዮቱ ሲመጣ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳግም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ መጣ። ወርልድ ቪዥን እዚሁ አንጾኪያ ሸለቆ የምግብ ጣቢያ ከፍቶ የተራበውን ሲቀበል፣ አባትና እናት የሞቱበትን ልጅ ዘመድ የሚያፈላልግ ባለሙያ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አገሪቱ አልነበራትም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ያን ጊዜ ልጁን ያነሳው ዘመድና ጎረቤት ነው። ቀድሞም እንዲሁ ነበር፤ ጣት ማር ተቀብቶ ልጅ ሲጠባ የጡት ልጅ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ባዕድ አይባልም። አበበች ጎበናም በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ትልቁ ድርጅታቸው የበቀለው ከዚያ ነው። አገሪቱም በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰው የጉዲፈቻ ልጅ መስጠትን በሕግ ስትዘጋ የተማመነችው በዚሁ በዘመድ እጅ ነው።

እኔም እተማመንበታለሁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አይደለም። «ላስተምርልሽ» ብሎ ልጅ መውሰድ የእኛ ብቻ አይደለም። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬን ከአይቮሪ ኮስት ወላጆቿ የአባቷ አክስት በዚሁ ቃል ተቀብላ ለንደን አደረሰቻት፤ ልጅቷ በ8 ዓመቷ፣ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ.፣ ተሠቃይታ ሞተች። የሎርድ ላሚንግ አጣሪ ጉባኤ ልትድን የምትችልባቸው 12 አጋጣሚዎች እንዳመለጡ ዘረዘረ። ጉዳዩን የያዘችው ልምድ ያልነበራት ሠራተኛ ነበረች፤ ከበላይዋ ሆኖ «ልጅቷን ለብቻዋ አናግረሻታል?» ብሎ በወጉ የጠየቃት አልነበረም። እንግሊዝ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2004 አሻሻለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የሕፃናት ማኅበራዊ ሠራተኛ በአማካይ 16 ገደማ ልጆች ይይዝ ነበር፤ ያም በዛ እየተባለ።

የኛዋን ባለደብተር ስንት ቤት እንደምትይዝ ብትጠይቋት መጀመሪያ ትስቃለች። ቀበሌው ከቆላው እስከ ተረተሩ የተዘረጋ ነው፤ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። የስልክ ካርዱ ከኪሷ ነው። የሰማችውን ሁሉ ይዛ ማታ ቤቷ ትገባለች፤ የምትነግረው ሰው የለም፤ ምስጢር ነዋ። ድጋፍ ሲባል ሥልጠና ብቻ ይታሰባል፤ ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን አበልና ብዕር። እኔ ብጠየቅ ከዚያ በፊት በሳምንት አንድ ሰዓት እግር ዘርግታ ጉዳይ በጉዳይ የምታወራት ልምድ ያላት አለቃ እሰጣት ነበር። ቀጥሎ ቁልፍ ያለው ሳጥን። ባለፉት ዓመታት ጦርነት በዚህ ቀጣና ሲመላለስ አይተናል፤ ቢሮ ሲዘረፍ ቀድሞ የሚበተነው ወረቀት ነው፤ ከዚያ ልጁ እንደ አዲስ ከ«ስምህ ማነው?» ይጀምራል።

በረካው ተቀዳ። ትንሹ ልጅ ከጓዳ ደብተሩን ይዞ ወጣ፤ የአክስቱ ስልክ ቁጥር ከሽፋኑ ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል። የመጨረሻው አኃዝ ላብ ነክቶት 1 ይሁን 7 አይለይም። ሁለቱንም ጻፈቻቸው።